ቁልቁል የቆመችው ፔጆ

ዓብዱልፈታሕ ጭረቱን ያየው ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጣ ነው። አዲሱ አስፋልት ላይ፣ ከጋሼ ምንዳዬ ፒካፕ የፊት ጎማ ሥር፣ መዳፍ የምታህል ነጭ ጭረት ተሰምራለች። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ዳሰሳት። ዱቄት ናት፤ ድንጋይ አስፋልት ላይ ተገፍቶ ሲፋቅ የሚተወው ዓይነት። ጎማውን ደግፎ የሚያድረው ድንጋይ ሌሊቱን ተንሸራቷል ማለት ነው። እሱ ከተንሸራተተ ደግሞ መኪናዋም አብራው ሄዳለች።

ቀና ብሎ ቁልቁል ተመለከተ። መንገዷ ከቆመበት እስከ ታች እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ብላ ትወርዳለች። ታች ግንብ አለ፤ እዚያ ስትደርስ ወደ ግራ ትታጠፋለች። ግንቡን ተደግፋ አንዲት የላሜራ ኪዮስክ ቆማለች። ከኪዮስኳ ፊት የከሰል ምድጃ፣ ምድጃው ላይ ዘይት የሞላ ድስት፣ ከድስቱ ኋላ ሚስቱ ዙለይካ፤ አቀርቅራ ሳምቡሳ ትጠቀልላለች። ግንቡ ከጀርባዋ፣ ዘይቱ ከፊቷ፣ ፒካፗ ከበላይዋ።

ዓብዱልፈታሕ መካኒክ ነው። መካኒክ ደግሞ የቆመ መኪና አይቶ «ቆሟል» ብሎ አያልፍም፤ «ምን ይዞት ነው የቆመው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህችኛዋን የያዛት አንድ ድንጋይ ብቻ ነው።

ፒካፗ 404 ፔጆ ናት፤ በዕድሜ ትበልጠዋለች። ቀለሟ አንድ ጊዜ ሰማያዊ ነበር ይባላል። ጋሼ ምንዳዬ ሲገዟት የእጅ ፍሬኗን ከጎማዎቹ ጋር የሚያገናኘው የብረት ገመድ፣ ካቦው፣ አልነበራትም፤ ተበጥሶ ይሁን የቀድሞው ባለቤት ፈቶ ጥሎት የሚያውቅ የለም። ከዳሽቦርዱ ሥር የምትጎተተዋ እጀታ ግን አለች፤ ጋሼ ዣንጥላቸውን ይሰቅሉባታል። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖዋም ደካማ ነው። ቁልፍ ሲዞር ጉንፋን እንደያዘው ሰው ጉሮሮውን ይጠርግና ዝም ይላል። ጋሼ ሁለቱንም ችግር በአንድ ዘዴ ፈትተውታል፤ ማታ አፍንጫዋን ቁልቁል አድርገው ያቆሟታል፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ይወሽቃሉ። ጠዋት በትከሻቸው ሽቅብ ገፋ ያደርጓትና ድንጋዩን በእግራቸው መትተው ያወጡታል። ዘለው ይገባሉ። መኪናዋ ትንደረደራለች። ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ሲለቁት ሞተሩ እያጉረመረመ ይነሳል፤ ልክ ኪዮስኳ አጠገብ ሲደርሱ መሪውን ወደ ግራ ይጠመዝዛሉ።

እንግዲህ ጠዋት ጠዋት አንዲት አሮጌ ፒካፕ፣ ሞተሯ ሳይነሳ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ቀጥ ብላ ወደ ዙለይካ ትመጣና በመጨረሻዋ ሰዓት ትታጠፋለች። ዙለይካ ቀና ብላ ማየት ከተወች ቆይታለች።

ድሮ ነገሩ ይህን ያህል አያስፈራም ነበር። መንገዱ ኮብልስቶን ሳለ ድንጋይና ድንጋይ ይናከሳሉ፤ የጋሼ ድንጋይ ከተወሸቀበት ንቅንቅ አይልም። አሁን አስፋልቱ እንደ ሰሃን ልሙጥ ነው። ከመንገዱ ግራ የነበሩት ቤቶች ፈርሰው በቆርቆሮ ታጥረዋል፤ ከቆርቆሮው ወዲያ ጉድጓድ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ማሽን ይጮህበታል። በቀኝ በኩል የቀሩት ጥቂት በሮች ናቸው፤ እነሱም ተራቸውን ይጠብቃሉ።

«እንዴት አደሩ ጋሼ?»

ጋሼ ምንዳዬ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው በራቸው ላይ ቆመዋል። «እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው አብዱ፣ መኪናዬ ሥር ምን ጠፋብህ?»

«ድንጋይዎ ሌሊት ተንቀሳቅሷል።»

«የት ሊሄድብኝ? ከኔ ሌላ ዘመድ የለውም።»

«ጋሼ፣ የምሬን ነው። ይዩት ጭረቱን።»

ጋሼ ከበራቸው ሳይነቃነቁ አዩት። «ይቺ መኪናና ያ ድንጋይ እንደ ባልና ሚስት ናቸው። አንዳንዴ ይገፋፋሉ፤ አይለያዩም። የእጅ ፍሬን፣ አብዱዬ፣ መኪና ማቆም ለማያውቅ ሰው ነው የተሠራው።»

«እኔ የምፈራው ለመኪናዋ አይደለም። ታች ላለው ነው።»

«ታች ምን አለ?»

«ሚስቴ አለች።»

ጋሼ ፎጣቸውን ከአንገታቸው አንስተው አፋቸውን ጠረጉ።

ዓብዱልፈታሕ ሁለት መያዣ የሌለውን ነገር የማያምነው በተፈጥሮው ፈሪ ሆኖ አይደለም። ቡልጋሪያ ሰፈር ያለው ጋራዥ ገና ሥራ ሲለምድ አለቃው አንድ ሕግ ነበራቸው፤ «አንድ መያዣ መያዣ አይደለም።» መኪና በክሪክ ከተነሳ ሥሩ እንጨት ይገባል፤ እንጨት ከገባ ጎማው ታኮ ይደረግበታል። ጓደኛው ኢብሮ አንድ ቀን ቸኩሎ፣ «ቡሎን ነው የምፈታው፣ በቃ አንድ ደቂቃ» ብሎ በክሪክ ብቻ የተነሳች መኪና ሥር ገባ። ክሪኩ አልተሰበረም፤ አንድ ጊዜ ብቻ «ጭው» አለና ወረደ። ኢብሮ ዛሬ ኦሎምፒያ አካባቢ መኪና ይጠብቃል። ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው ሰላም የሚለው። ከዚያ ወዲህ ዓብዱልፈታሕ ሰው ቤት ሲጋበዝ እንኳ ወንበሩን ነቅነቅ አድርጎ ነው የሚቀመጠው። ዙለይካ በዚህ ስቃ አትጠግብም።

ማታ ስለ ጭረቱ ሲነግራትም ሳቀች።

«ያቺ አሮጊት እኔን ከመግጨቷ በፊት በዕድሜዋ ትሞታለች፤ አብሽር።»

«ኪዮስኳን ወደ ጥግ ብናዞራትስ?»

«የት? የተፈቀደልኝ እዚያ ነው። ደግሞ ሰው እኔን የሚያየኝ ከላይ ሲወርድ ነው። ከላይ ያየኝ ምራቁን እየዋጠ ይመጣል።» ፊቱን አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በል ካስጨነቀህ ሥራዋ። ሙያህ አይደል እንዴ?»

በማግሥቱ ጭረቷ ረዝማለች። በኪሱ በያዘው ጠመኔ ጫፏ ላይ ምልክት አደረገ። ሐሙስ ድንጋዩ ምልክቱን አልፎታል።

ያን ዕለት ጋሼን በቃል ማሳመኑን ተወው። እጃቸውን ይዞ ከፒካፗ ኋላ አቆማቸውና «ዝም ብለው ይስሙ» አላቸው። መዳፉን የጭነቱ ሳጥን ላይ አድርጎ ገፋ። በአንድ እጅ፣ በር የሚከፍት ያህል። ከፊት በኩል «ሲጥ» የሚል ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ አይጥ የተረገጠች የሚመስል። ድንጋዩ ነው።

ጋሼ ምንዳዬ ወደ ታች፣ ወደ ኪዮስኳ አዩ። አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ሳምቡሳ ትገዛለች።

«እመብርሃን» አሉ። «መቼ ልምጣ?»

እሑድ ጋራዡ ጭር ብሎ ሳለ ሠሩት። ዓብዱልፈታሕ ፒካፗን በእንጨት ላይ አሳርፎ የኋላ ጎማዎቿን ፈታ፤ ከበሮዎቹን በመዶሻ እየቆረቆረ አወጣቸው። በሁለቱም ውስጥ የእጅ ፍሬኑ ሲሳብ ሸራውን ወደ ከበሮው የምትገፋው ክንድ በቦታዋ አለች፤ ዝገት ውጧታል እንጂ አልጠፋችም። በጋዝ ዘፈዘፋት፣ በሽቦ ብሩሽ ፈተጋት፤ እየጮኸች መንቀሳቀስ ጀመረች። የደከሙትን ሞላዎች ለወጠ። ሸራው ተበልቷል፤ አዲስ አሰረበት። ካቦው ግን ለዚህች መኪና ከየት ይመጣል? ከተጣለ የሌላ ፒካፕ ሬሳ ላይ የነቀለውን አምጥቶ ለካው፤ ረዘመ። ቆርጦ ጫፉ ላይ ጥርስ ያለው ዘንግ በየደለት፤ በዳዶ እንዲጠብቅና እንዲላላ። ከመኪናዋ ሆድ ሥር፣ ከፊት የሚመጣው አንዱ ካቦ ለሁለቱ ጎማ በሚከፈልበት ቦታ፣ ከጠፍጣፋ ብረት ሚዛን ሠራለት፤ አንዱ ጎማ ሲያዝ ሌላው እንዳይቀር። ካቦው ከጭስ መውጫው ማርሚታ እንዲርቅ በመያዣ ብረት ወደ ሻንሲው አሰረው።

ጋሼ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። «የልብ ቀዶ ጥገና አደረግከው እኮ።»

«ልቧ ደህና ነው። እጅ ነው ያልነበራት።»

«ዣንጥላዬን የት ልስቀለው እንግዲህ?»

ሲጨርሱ ዳገት ላይ ይዘዋት ወጡ። አፍንጫዋን ቁልቁል አድርገው አቆሟት። ዓብዱልፈታሕ እጀታዋን ሳባት፤ ክር፣ ክር፣ ክር፣ ክር፤ አራተኛው ጥርስ ላይ ደርቃ ቀረች። እግሩን ከፍሬን ፔዳሉ ላይ አነሳ። ፒካፗ ቆመች። ድንጋይ የለም፣ ማርሽ የለም። ጋሼ ምንዳዬ ወርደው ዞሯት፤ ከፊቷ ቆመው በመዳፋቸው አፍንጫዋን መታ መታ አደረጓት።

«አንቺ! ለካ መቆም ትችያለሽ?»

«ጋሼ ይስሙኝ» አለ ዓብዱልፈታሕ። «ካቦ መጀመሪያ ላይ ይለጠጣል። ሸራውም ገና ከከበሮው ጋር አልተላመደም። በሚቀጥለው ሳምንት ያምጡልኝና ላጥብቀው። ሌላም ነገር አለ፤ ይኸው ፔዳሉን ረግጬ ስይዘው ቀስ እያለ ይሰምጣል። በፍሬን ማስተሩ ውስጥ ዘይቱን የሚይዘው ጎማ አርጅቷል፤ እሱንም ያኔ እንለውጠዋለን። እስከዚያ ድንጋዩን አይተዉ። ሁለት መያዣ።»

«ሁለት መያዣ» አሉ ጋሼ። «እሺ አለቃ።»

ሳምንቱ አለፈ። ጋሼ አልመጡም። ዓብዱልፈታሕ ጠዋት ጠዋት ሲያልፍ የጠመኔውን ምልክት ያያል፤ ጭረቷ ከቆመችበት አልራቀችም። ልቡ ቀስ በቀስ ረጋ። አንድ ቀን ጋሼን መንገድ ላይ አግኝቶ ስለ ማጥበቁ ሲያነሳባቸው «ምን ይጠበቃል? ንቅንቅ አላለችም እኮ» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ አላለችም። እሱንም ጋራዥ የሚጠብቁት መኪኖች ነበሩ፤ «እንግዲያው በሚመጣው እሑድ» ብሎ አለፈ።

ነገር ግን ሁለት ሰው አንድ ሸክም ሲሸከም አንደኛው ትከሻውን ዝቅ ቢያደርግ ከሩቅ ማን ያውቃል? የእጅ ፍሬኑ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየላላ፣ ድንጋዩ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተጫነው ነበር። እጀታዋ አራተኛው ጥርስ ላይ መድረቋን ትታ ወደ ሰባተኛው፣ ወደ ስምንተኛው ስትሄድ ጋሼ ምንዳዬ አላስተዋሉም። ፒካፗ ቆማለች፤ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?

ዙለይካ ደግሞ በበኩሏ ሳምቡሳ ለሚገዛው ሁሉ ወደ ላይ እየጠቆመች ታወራ ነበር። «ያቺን ታያታለህ? እንደዚያ ቁልቁል ተዘቅዝቃ ያለችውን? ባሌ ነው ፍሬኗን የሠራላት። ወላሂ ብትገፋት አትነቃነቅም።»

ሐሙስ ዕለት ዓብዱልፈታሕ ከቤት የወጣው አርፍዶ ነው። ከፒካፗ ጎን ያለው በር የእትዬ ጀማነሽ በር ነው፤ ያን ቀን ተራቸው ደርሶ ወደ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ይገቡ ነበር። ዕቃቸውን የሚያደርሱላቸው ጋሼ ምንዳዬ ናቸው። በሩና መኪናው ስለተጎራበቱ ፒካፗን ማንቀሳቀስ ሳያስፈልግ ባለችበት እየጫኑባት ነው። ሁለት ወዛደሮች ቡፌውን አውጥተዋል፣ ፍሪጁን አውጥተዋል፣ የብረት አልጋውን ፈተው ደርድረዋል። የጭነቱ ቁመት ከመኪናዋ ጣሪያ በላይ ሆኗል። ጋሼ የሚያስሩበት ገመድ ሊገዙ ሄደዋል።

ዓብዱልፈታሕ ሰላም ሊል አፉን ሲከፍት ዓይኑ ወደ ፊት ጎማው ሄደ። ጠመኔው አለ፤ ጭረቷ አለች። ድንጋዩ የለም።

«እትዬ ጀማነሽ፣ ድንጋዩስ?»

እትዬ ጀማነሽ የግድግዳ ሰዓት እንደ ሕፃን አቅፈው ቆመዋል። «የቱ ድንጋይ?»

«ጎማው ሥር የነበረው!»

«ውይ እሱን? ጠዋት ደንብ አስከባሪዎች መጥተው መንገድ ላይ ድንጋይ አይቀመጥም ሲሉ፣ ዙሌ ሽንኩርት ልትገዛ ወጥታ ነበር፤ ‹ምን ችግር አለው፣ ፍሬኗን ባሌ ሠርቶላታል፣ ድንጋይ አትፈልግም› አለቻቸውና ራሷ እያንከባለለች ይዛው ወረደች። እንዴት ያለች ጠንካራ ልጅ ናት በማርያም! መቀመጫ አደርገዋለሁ ስትል ሰምቻታለሁ።»

ዓብዱልፈታሕ ወደ ታች አየ። ዙለይካ ከወትሮው ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ፊቷ ወደ ድስቱ ነው።

ወዛደሮቹ በዚያች ቅጽበት የልብስ ስፌት ማሽኑን ጭነቱ ላይ ጣሉት። ፒካፗ በባሌስትራዎቿ ላይ ዝቅ አለችና ከኋላ ከበሮዎቿ ውስጥ ማቃሰት ተሰማ፤ እንቅልፉ ውስጥ የሚያቃስት ሰው ዓይነት። ጎማው ላይ የተለጠፈች ጭቃ ነበረች። ጭቃዋ ቦታዋን ስትለቅ በዓይኑ አያት።

የግራው መስኮት ድሮም እስከ መጨረሻው አይዘጋም። እጁን አስገብቶ በሩን ከፈተ፣ ገባ፣ ፔዳሉን ረገጠ። ፒካፗ አፍንጫዋን ነቅንቃ ቆመች። የእጅ ፍሬኑን እጀታ ሳበ። መጣች፤ እየመጣች፣ እየመጣች እስከ መጨረሻዋ ጥርስ ወጣች፤ ባልዲው ወድቆ የቀረ የጉድጓድ ገመድ እንደ መጎተት ነበር። አንደኛ ማርሽ አስገባ። ማርሹ ግን አሮጌ ነው፤ ከባድ ነገር ሲገፋው ይተፋል። እንደሚተፋም ያውቃል።

«አትጫኑ!» ብሎ ጮኸ። «ድንጋይ አምጡ! ድንጋይ!»

ጭነቱ ላይ የነበረው ወዛደር ከላይ ዘሎ ወረደ። መኪናዋ ተወዛወዘች፤ ማርሹ «ቋ» ብሎ ተፋ። ዓብዱልፈታሕ ፔዳሉን ይበልጥ ተጫነው። ፔዳሉም ከጫማው ሥር፣ ቀስ ብሎ፣ መስመጥ ጀመረ።

ወዛደሮቹ ሽቅብና ቁልቁል ሮጡ። ድንጋይ! አዲስ አበባ ላይ፣ ካዛንቺስ ላይ፣ ድንጋይ ጠፋ። መንገዱ ተጠርጓል፤ ቆርቆሮው አጥር እስከ መሬት ወርዷል፤ ኮብልስቶኑ ተነቅሎ ተጭኖ ከሄደ ቆይቷል። አንደኛው ተስፋ ሲቆርጥ የእትዬ ጀማነሽን የእንጨት መቀመጫ ዱካ አንስቶ ጎማው ሥር ወሸቀው።

«ያያቴ ዱካ!» አሉ እትዬ ጀማነሽ።

ፔዳሉ ወለሉ ጋ ሊደርስ ነው። መልሶ ከፍ እንዲል እግሩን አንስቶ ደግሞ መርገጥ ግድ ነው፤ እግሩን ሲያነሳ ደግሞ መኪናዋ ነፃ ናት። «ቢስሚላህ» ብሎ አነሳና ረገጠ። በዚያች ብልጭታ ውስጥ ፒካፗ ክንድ ያህል ተንፏቀቀች፤ ዱካው እንደ ብስኩት ተሰባበረ።

መሪውን ወደ ግራ ቢያዞር ጉድጓዱ ነው። ወደ ቀኝ ቢያዞር እትዬ ጀማነሽ ከነሰዓታቸው በሩ ላይ ቆመዋል። ቀጥታ ቢተዋት በመስታወቱ መሀል፣ በሁለቱ መጥረጊያዎች መካከል፣ ሚስቱ ሳምቡሳ ታገላብጣለች።

«ዙለይካ! ተነሺ! ተነሺ ከዚያ!»

ከቆርቆሮው ወዲያ ማሽኑ ይጮሃል። ዙለይካ ቀና አለች። ባሏ በጋሼ ፒካፕ ውስጥ ተቀምጦ እጁን ሲያወናጭፍ አየች። ሳቀች፤ ጭልፋዋን ከፍ አድርጋ አወናጨፈችለት።

ፔዳሉ ሰመጠ። አነሳ፣ ረገጠ። ፒካፗ ሌላ ክንድ ወረደች።

ይኼኔ ጭልፋዋ አየር ላይ ቀረ። ዙለይካ ተነሳች። ዓብዱልፈታሕ ትንፋሹን ለቀቀ፤ አሁን ወደ ግራ ትሮጣለች፣ ኩርባዋን ታልፋለች፣ ከዚያ በኋላ ግንቡ ቢፈርስ ይፍረስ፣ ዘይቱ ቢደፋ ይደፋ። ዙለይካ ግን ወደ ግራ አልሮጠችም። ጎንበስ አለች። የተቀመጠችበትን ድንጋይ በሁለት እጇ አቅፋ አነሳችው፤ ሽቅብ፣ በቀጥታ ወደ መኪናዋ አፍንጫ፣ መምጣት ጀመረች።

«አይ! አይ! ወደ ጎን! አንቺ ሴትዮ ወደ ጎን!»

አልሰማችም፤ ብትሰማም አትመለስም። ድንጋዩ ከብዷት ጥቂት እርምጃ እንደሄደች አስቀመጠችው፤ ደግማ አነሳችው። ሻርፗ ከራሷ ወርዶ ትከሻዋ ላይ ተጠመጠመ። አንዱ ወዛደር ሮጦ ደረሰላት፤ ለሁለት ያዙት። ዓብዱልፈታሕ ፔዳሉን እንደረገጠ ነው። ፔዳሉ እየሰመጠ ነው። አሁን አንስቶ መርገጥ አይችልም፤ ከፊቱ ሚስቱ አለች። የቀረችውን ስንዝር መቆጠብ አለበት። የመሪውን ክብ በሁለት እጁ ጨብጦ ጀርባውን ወንበሩ ላይ ተከለ፤ ቢችል መኪናዋን በጀርባው ሊይዛት።

ዙለይካ ጎማው ጋ ደረሰች። ከመስኮቱ ሥር ጠፋችበት፤ ድምፅዋ ብቻ ይሰማል።

«ወዲህ አዙረው! በዚያ በኩል አይደለም፣ ጎድጓዳው ወደ ጎማው ነው! በየቀኑ ሳየው ነው የምውለው እኮ!»

የፔዳሉ ብረት የወለሉን ብረት ነካ።

ፒካፗ ወረደች። «ሲጥ» አለ። ከዚያ ዝም።

«ልቀቀው» አለች ዙለይካ ከታች።

እግሩ እሺ አላለም።

«አብዱ። ይዞታል። ልቀቀው።»

በሁለት እጁ ጭኑን ይዞ እግሩን ከፔዳሉ ላይ አነሳው፤ የሌላ ሰው እግር ይመስል።

ጋሼ ምንዳዬ አዲስ ገመድ ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው ሲመጡ የተሰባበረ ዱካ፣ የሚያለቅሱ ጎረቤት፣ መሬት ላይ የተቀመጡ ወዛደሮች አገኙ። «ምን ሆናችሁ?» አሉ። መኪናቸው ከቆመችበት ወርዳ፣ ከጎማዋ ሥር አዲስ ነጭ ጭረት ተሰምሮ ሲያዩ ገመዱ ከትከሻቸው ወረደ።

ዙለይካ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ባሏን አየችው። «ሠርቻታለሁ አላልከኝም?»

«ሠርቻታለሁ። ግን መጥበቅ ነበረባት። ድንጋዩ እስካለ…» ቀሪውን ዋጠው።

«እሱን ለኔ ነግረኸኛል?»

አልነገራትም። ለጋሼ ነው የነገረው። ከድስቱ ኋላ ለምትቀመጠው አልነገራትም።

ጭነቱን አስወረደ። ኮንዶሚኒየም ይጠብቃል ያለውን ወዛደር «ይጠብቅ» አለው። ፔጆዋን በቀኝ በኩል ከግድግዳው ጋር በእትዬ ጀማነሽ የብረት አልጋ እግሮች አስደግፎ፣ ከድንጋዩ ሌላ የቡፌውን መሳቢያ እንጨት ጎማዎቹ ሥር ወሽቆ፣ ሥሯ ገባ። ዳዶውን በመፍቻ አዞረ፤ አዞረ፤ ካቦው እንደ ክራር አውታር እስኪወጠር አዞረ። በሁለተኛ ዳዶ ቆለፈው። ወጥቶ እጀታዋን ሳበ፤ ክር፣ ክር፣ ክር፤ ደረቀች።

ከዚያ መልሰው እንዲጭኑባት አዘዘ፤ ቡፌውን፣ ፍሪጁን፣ አልጋውን፣ ስፌት ማሽኑን። ጋሼን መሪው ላይ አስቀመጣቸው።

«ፍሬኑን እንዳይረግጡ። እግርዎን ወለሉ ላይ ያድርጉ። ከተንቀሳቀሰች ብቻ ወደ ቆርቆሮው ይጠምዝዙና ይዝለሉ።»

«አብዱ፣ ድንጋዩን ተወው። በቃ፣ ሁለት መያዣ አላልክም?»

«ሁለት መያዣ፤ እያንዳንዱ ለብቻው የተፈተነ። ያቺን ነው የረሳኋት።»

ድንጋዩን በእግሩ መትቶ አወጣው። አቅፎት ወደ ታች ወረደ። ዙለይካን ከድስቱ ኋላ አስነሳት፤ «ወደ ኩርባው ሂጂ» አላት፤ ድምፁን ስትሰማ አልተከራከረችም። ከሰሉን ውሃ ደፋበት። ድንጋዩን ግንቡ ሥር፣ ልክ እሷ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ አደረገው። ነቅነቅ አድርጎ አየው። ተቀመጠ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሳምቡሳው!» አለች ከኩርባው።

ቀና ብሎ ሽቅብ አየ። ፒካፗ ከዚህ ስትታይ ሌላ ናት። የመንገዱ ስፋት ሁሉ የእሷ ነው። ሁለት ክብ መብራቶቿ ወደ እሱ ብቻ ያያሉ፤ ከበላያቸው የሰው ቤት ሙሉ ዕቃ ተቆልሎ ያዘነበለ ይመስላል። ጀርባው ግንቡን ነክቷል። በቀኙ ማምለጫ የምትመስለዋ ኩርባ፣ ከላይ ሲያያት ቅርብ የነበረችው፣ ከተቀመጡ ሩቅ ናት።

ማሽኑ ከቆርቆሮው ወዲያ መሬቱን ይደበድባል። በተደበደበ ቁጥር የፒካፗ መስታወት ትንሽ ይርገበገባል።

አልተንቀሳቀሰችም። ጋሼ ምንዳዬ ከመስኮቱ እጃቸውን አውጥተው «ያዘች!» ብለው ጮኹ። ወዛደሮቹ አጨበጨቡ። ዓብዱልፈታሕ ግን አልተነሳም። ዙለይካ በየጠዋቱ ምን እንደሚመጣባት እስኪበቃው ድረስ እያየ ተቀመጠ።